እሱን ጠይቀው

ሜሪላንድ እንደገባሁ ያገኘሁት የመጀመሪያ ሥራ ስኩል ባስ ላይ ነበር። ሹፌር እንዳልመስላችሁ፤ አቴንዳንት ነኝ። ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች የምታመላልስ አጠር ያለች ባስ አለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ዊልቸሩን ወለሉ ላይ በአራት ማሰሪያ አስራለሁ፤ ሁለት ከፊት፣ ሁለት ከኋላ። ከዚያ የልጁን ቀበቶ። ከዚያ የወደቀ ኮፍያና ጓንት መልቀም ነው። አገር ቤት አስተማሪ ነበርኩ። እሱ የሌላ ቀን ወሬ ይሁን።

መስመራችን ላይ ስድስት ልጆች ነበሩ። አንዱ የአበሻ ልጅ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ አቡሽ ልበለው። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት። አይራመድም። እጁ እሱን አይሰማም፤ በገዛ ፈቃዱ ይወራጫል። አይናገርም።

በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ጠዋት በራቸው ላይ ቆሜ ሊፍቱ እስኪወርድ ስጠብቅ እናቱን አንድ ነገር ጠየቅኋት። በልጁ ራስ ላይ አሻግሬ።

«እህቴ፣ አማርኛ ይሰማል?»

«ጠይቀው» አለችኝ።

«ማንን?»

«እሱን ነዋ! እዚሁ ተቀምጦ የለ?»

አፈርኩ። ጎንበስ ብዬ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ቃሉን እንደ ማስቲካ እየጎተትኩ «አማርኛ ትሰማለህ?» አልኩት። ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቀለ። ከዚያ ዊልቸሩ እስኪንገጫገጭ ሳቀ።

«ዓይኑን ወደ ላይ ካደረገ አዎ ማለት ነው» አለች እናቱ። «የሚስቀው ደግሞ ስለጮህክ ነው። ጆሮው ደህና ነው።»

ይቺን ጠዋት የማነሳት በአንድ መጽሐፍ ምክንያት ነው። ከዓመታት በኋላ ያዋሰችኝ የአቡሽ እናት ናት። «አውት ኦፍ ማይ ማይንድ» ይላል። ደራሲዋ ሻረን ድሬፐር ትባላለች። ሲንሲናቲ ውስጥ ብዙ ዘመን ያስተማረች ጥቁር አሜሪካዊት ናት፤ በ1997 የአሜሪካ የዓመቱ መምህርት ተብላ ተመርጣለች። መጽሐፉ የወጣው በፈረንጆቹ 2010 ነው። የልጆች መጽሐፍ ነው። ለአሥር ዓመት ልጅ በሚሆን እንግሊዝኛ ስለተጻፈ ለእኔም ልኬ ነበር። ጠዋት ልጆቹን ካደረስን በኋላ ባሷ ግቢ ውስጥ ቆማ ስትጠብቅ፣ ከማሞቂያው አጠገብ ቁጭ ብዬ ነው የጨረስኩት።

ታሪኩን የምትነግረን ሜሎዲ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላት ነው። እንደ አቡሽ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት። አንድ ጊዜ ያየችውን ወይም የሰማችውን አትረሳም። ሙዚቃ ስትሰማ ቀለም ይታያታል፣ ሽታ ይሸታታል። ጭንቅላቷ በቃላት ጢም ብሎ ሞልቷል። በሕይወቷ አንድም ቃል ግን ተናግራ አታውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ሰዎች አይሰሟትም፤ እኛ አንባቢዎቹ ግን እያንዳንዱን ነገር እንሰማለን። ሁሉም ነገር የሚሠራው በዚህ ነው። ሐኪሙ አፉን ሲከፍት፣ አስተማሪዋ ያንኑ የሕፃናት መዝሙር ስትከፍት፣ እኛ ከሜሎዲ ጋር ተቀምጠን ጥርሳችንን እናፋጫለን።

አንድ ቦታ አለ፤ አንብቤው መጽሐፉን ከድኜ ወጥቼ በረዶ ላይ ቆምኩ። ከእናቷ ጋር መደብር ገብተዋል። መደርደሪያው ላይ የአሻንጉሊት ጡቦች አሉ። ሜሎዲ ደግሞ እነዚያ ጡቦች ቀለማቸው እርሳስ ስላለበት ከገበያ እንዲሰበሰቡ መባሉን በቴሌቪዥን ሰምታለች። መርዝ ነው፤ ልትነግራት ይገባል። እንዴት ትንገራት? ትጮሃለች፣ ትወራጫለች፣ ትመታለች። ሰው ይሰበሰባል። እናቷ በሐፍረት ቀልታ ይዛት ትወጣለች። ከውጭ ሲታይ አንዲት ልጅ መደብር ውስጥ አበደች። ከውስጥ ሲታይ አንዲት ልጅ ሌሎች ልጆችን ከመርዝ ልታስጥል ሞከረች።

ባሷ ውስጥ ስንት ጊዜ «ዛሬ ተነስቶበታል» ብያለሁ? ለሹፌሩ። በስልክ ለሚስቴ። ልጁ እያለ።

ጉለሌ፣ እኛ ያደግንበት ግቢ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች። ከእኔ ሦስት አራት ዓመት ትበልጣለች። ስሟን ዛሬም አላውቀውም። «ያቺ ልጅ» ነበር የምትባለው። ከኋላ ክፍል ነው የምትውለው። ፀሐይ ሲሆን በር ላይ በቁርበት ያስቀምጧታል፣ እንግዳ ሲመጣ ያስገቧታል። የግቢው ሴቶች ቡና ሲጠጡ የማይወራ ነገር አልነበረም፤ የማን ባል ከማን ጋር፣ የማን ልጅ ከማን። እኛ ልጆች ስንጠጋ «ሂዱ ከዚህ!» እንባላለን። እሷን ማንም ሂጂ አይላትም። «እሷ ምን ታውቃለች» ነው።

እሑድ እሑድ ሬዲዮ ላይ ቀልድ ሲቀርብ ትስቅ ነበር። ዝም ብሎ ሳቅ አይደለም። የቀልዱ መጨረሻ ላይ ነው የምትስቀው። አንዳንዴ ከእኛ ቀድማ። አባቴ አንድ ቀን «ይቺ ልጅ እኮ ገብቷታል» አለ። ጎረቤቶቹ «እሷስ እንደ ሕፃን ሳቅ ደስ ብሏት ነው» አሉት። አባቴም ዝም አለ፤ ወሬው ወደ በርበሬ ዋጋ ሄደ።

ቤተሰቦቿ ክፉ ነበሩ ልበል? አልልም። እናቷ በጀርባዋ አዝላ እስከ ሽንቁሩ ሚካኤል ፀበል ተመላልሳለች። ልጇን የምትደብቀው ለራሷ ብቻ አልነበረም። «ምን በድላ ነው?» የሚል ዓይን መንደሩ ውስጥ ሞልቷል፤ ልጇን ከዚያ ዓይን ነው የምትደብቃት። ሴሬብራል ፓልሲ ማለት አእምሮ ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በማሕፀን ውስጥ ወይም በምጥ ጊዜ ወይም ከተወለደ ብዙም ሳይቆይ የሚደርስበት ጉዳት ነው። ምጡ ረዝሞ አየር ያጠረው፣ ሲወለድ ቢጫ ሆኖ ሳይታከም የቀረ፣ ማጅራት ገትር የያዘው ሕፃን ሊደርስበት ይችላል። ጉዳቱ የሚያገኘው ጡንቻን የሚያዝዘውን ክፍል ነው። መናገርም የጡንቻ ሥራ ነው፤ ምላስ፣ ከንፈር፣ ጉሮሮ፣ ትንፋሽ። እነዚህ አልታዘዝ አሉ ማለት ማሰቢያው ተጎዳ ማለት አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ላይ ሁለቱም ይጎዳሉ፣ አንዳንዱ ላይ አይጎዱም። ከውጭ በማየት መለየት ግን አይቻልም።

መጽሐፉ ውስጥ የሚለየው ሐኪም ነው። ሜሎዲ አምስት ዓመቷ ነው። የማይሆን ጥያቄ ይጠይቃታል፣ በማትችለው እጇ እንድትመልስ ይፈልጋል፣ ከዚያ ለእናቷ አእምሮዋ ክፉኛ የተጎዳ መሆኑን ይነግራታል። እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ሜሎዲ እየሰማች። ሐኪሙ የግቢያችንን ሴቶች አስታወሰኝ። የተለየው ነጭ ጋዋኑ ብቻ ነው። እናቷ ግን እምቢ አለች። ወስዳ የሰፈር ትምህርት ቤት አስመዘገበቻት።

እዚህ ላይ አሜሪካ የሚመሰገንበት ነገር አለ። ልጁን ወስዶ ማስመዝገብ የሚቻለው ሕግ ስላለ ነው። ሕጉ የወጣው በ1975 ነው፤ ፕሬዚዳንት ፎርድ ናቸው የፈረሙት። ያኔ ኮንግረሱ ራሱ ከአንድ ሚሊዮን በላይ አካል ጉዳተኛ ልጆች ከመንግሥት ትምህርት ቤት ጨርሶ ውጭ መሆናቸውን አምኗል። ማለቴ እዚህም «ያቺ ልጅ» በየጓሮው ነበረች። የእኔ ባስ፣ ሊፍቷ፣ አራቱ ማሰሪያ፣ ደሞዜም ጭምር የዚያ ሕግ ልጆች ናቸው። ግን ሕጉ ልጁን እስከ ክፍሉ በር ያደርሰዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው የሰው ሥራ ነው። የሜሎዲ ክፍል ልጆቹ ዓመት ሙሉ ሀሁ የሚዘፍኑበት ክፍል ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ቋንቋ ልምጣ፤ ብዙ ያብሰለሰለኝ እሱ ነው።

እኛ ልጅ መናገር ሲጀምር «አፉን ፈታ» እንላለን። ያደገበትን ቋንቋ «አፍ መፍቻ» እንላለን። ደስ የሚል አባባል ነው፤ አፍ ታስሮ እንደሚወለድና ቋንቋ መጥቶ እንደሚፈታው። እንግዲያው አቡሽ አፍ መፍቻው ምንድን ነው? አፉ አልተፈታም። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ እናቱ በአማርኛ አጥባዋለች፣ በአማርኛ ገስጻዋለች፣ በአማርኛ አልቅሳበታለች። ትምህርት ቤት ቅጽ ስትሞላ «የልጁ የመጀመሪያ ቋንቋ» የሚል ቦታ አለ። «አማርኛ ብዬ ስጽፍ» አለችኝ፣ «ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝና፣ አይናገርም ብለሽኝ አልነበር? አለችኝ።»

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። ተረቱ ስለ አደባባይ ነው፤ ግን እኔ ይህን ልጅ ባየሁ ቁጥር ይመጣብኛል። ያልተናገረ ሰው ቋንቋም ይቀርበታል።

ዘጠኝ ዓመቱ ላይ ማሽን ተሰጠው። ዓይኑን የሚከተል ካሜራ ያለው ታብሌት ነው። የሚፈልገው ቃል ላይ ዓይኑን ትንሽ ካቆየ ይናገርለታል። ሜሎዲም ተመሳሳይ ነገር ታገኛለች፤ የእሷ አውራ ጣቶቿ ደህና ስለሆኑ በጣቷ ነው የምትነካው። ሐሳቡ የመጣላት ስለ ስቲቨን ሆኪንግ ስታጠና ነው። ሆኪንግ በ1985 በሳንባ ምች ታሞ ጉሮሮው ተቀድዶ ሲተርፍ ድምፁን አጣ። ከዚያ በኮምፒውተር መናገር ጀመረ። በደህናው ጊዜ በደቂቃ ቢበዛ አሥራ አምስት ቃል ያህል። እኔና እናንተ ዝም ብለን ስናወራ መቶ ሃምሳ ገደማ እናወራለን። የሆኪንግ ማሽን የሚናገረው በአሜሪካኖች ቅላጼ ነበር፤ እንግሊዛዊ ሆኖ ሳለ። በኋላ የተሻለ ድምፅ ሲመጣ አልቀይርም አለ። ድምፄ ይሄ ነው አለ።

ሰው የሚያስበው ማሽኑ ሲመጣ ችግሩ ያለቀ ነው። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ልጁ ታብሌት ተሰጥቶታል፣ በቃ። ድሬፐር ግን መጽሐፏን እዚያ ላይ አልጨረሰችም፤ በዚህ አደንቃታለሁ። ሜሎዲ ማሽኑን ያገኘችው መሐል ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚከፋው። ቀድሞ የማያውቋት አልሰሟትም። አሁን ደግሞ እየሰሟት አላመኗትም። ለጥያቄና መልስ ውድድር መለማመጃ ፈተና ተፈትና አንድም ሳትስት ስታገኝ፣ ልጆቹ ረዳቷ ነች የነገረቻት አሉ። መምህሩ ደግሞ እሷ ካገኘች ጥያቄዬ ቀሎ ነው ብሎ ክፍሉን አሳቀ።

መምህሩን ለመጥላት ቸኮልኩ። ግን «የሚናገረው ማነው?» የሚለው ጥያቄ ከክፋት ብቻ እንዳልመጣ መናገር አለብኝ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ውስጥ አንድ ዘዴ ተስፋፍቶ ነበር። ረዳቱ የማይናገረውን ሰው እጅ ደግፎ ይይዛል፣ ሰውዬው ኪቦርድ ላይ ይጽፋል። ወላጆች በደስታ አለቀሱ፤ ልጆቻቸው ግጥም ጻፉ። ከዚያ አንድ ቀላል ፈተና መጣ። ለልጁ አንድ ሥዕል፣ ለረዳቱ ሌላ ሥዕል ያሳያሉ። የሚጻፈው ረዳቱ ያየው ሆኖ ተገኘ። ረዳቶቹ የሚያታልሉ አልነበሩም፤ ራሳቸውም አያውቁትም ነበር። የአሜሪካ የንግግርና የመስማት ባለሙያዎች ማኅበር በ2018ም ይህን ዘዴ እንዳትጠቀሙበት ብሏል። ለዚህ ነው የአቡሽ እናት እጁን ማንም እንዳይነካበት የምትጠነቀቀው። ዓይኑ የራሱ ነው። «እኔ እንኳ የፈለግኩትን እንዲለኝ አልፈልግም» አለችኝ። «ካለኝ እሱ ይበለኝ።»

ማሽኑ ግን እንግሊዝኛ ብቻ ነበር የሚያወራው። ትምህርት ቤት ይሆናል። ቤት ሲገባ አያቱ ከአዲስ አበባ ትደውላለች፤ እንግሊዝኛ አትሰማም። እሱም በስልክ ይስቃል እንጂ ምንም ሊላት አይችልም።

ኮቪድ መጥቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፊደል ገበታ አወረደች። ሠላሳ ሦስት በሰባት፣ 231 ፊደል። እንግሊዝኛው ሃያ ስድስት ብቻ ነው። ስልክ ደውላ «እንዴት ላርገው?» አለችኝ፤ አስተማሪ ነበርክ አይደል ብላ። ሁለት ማታ ተነጋገርንበት። መጀመሪያ ድምፃቸው አንድ የሆነውን አወጣን፤ ሐ፣ ሠ፣ ኀ፣ ዐ፣ ፀ። ሊቃውንቱ ይቅር ይበሉን። ሃያ ስምንት ቤት ቀረ። ሃያ ስምንት ደግሞ ሰባት አራት ጊዜ ነው። ገበታውን በመቀስ አራት ቦታ ቆረጠችው። አሁን እያንዳንዱ ቁራጭ ሰባት በሰባት ሆነ። እሷ ቁራጮቹን በተራ ትጠቁማለች፣ እሱ ዓይኑን ይሰቅላል። ቀጥላ ቤቱን ትጠቁማለች። ከዚያ «ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ» እያለች ትቆጥራለች፤ ሲደርስ ይሰቅላል። አንድ ፊደል ሦስት ምርጫ። «ውሃ» ለማለት ስድስት።

እኔ የኔታ ዘንድ ፊደል የቆጠርኩት በስንደዶ እየጠቆምኩ ነው። የእኔ አፍ ይጮሃል፣ የኔታ ይሰማሉ፣ ብሳሳት አለንጋ አለ። እዚህ ቤት ጠቋሚዋም ጯሂዋም እናቲቱ ሆነች፤ ተማሪው በዓይኑ ያርማታል።

አማርኛን ለማይናገር ልጅ መንገድ ማድረግን ያሰበ ሰው ቀድሞም ነበር። ወ/ሮ ዘሚ የኑስን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ልጃቸው ኦቲዝም ነበረበት፤ በ2002 በፈረንጆች አዲስ አበባ ላይ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» የሚሉትን የማስተማሪያ ዘዴ ያወጡትም ከዚሁ ከፊደላችን ነው፤ ድምፅ የማያወጡ ልጆች ድምፅ እንዲያወጡ። በ2021 አረፉ። ኦቲዝምና ሴሬብራል ፓልሲ አንድ አይደሉም፣ የአቡሽ እናትም የሠራችው ሌላ ነገር ነው። ግን ሁለት እናቶች አንድ ገበታ ፊት ተቀምጠው ይታዩኛል።

አቡሽ በዚያ ገበታ የጻፈው የመጀመሪያ ቃል ምን እንደነበር ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። እናቱ «እማዬ» የሚለውን ልታስጽፈው ትታገላለች። እሱ ሌላ ቁራጭ ላይ ይሰቅላል። ተሳሳትክ እያለች ትመልሰዋለች። በመጨረሻ ተወችው፤ ዝም ብላ ተከተለችው። ሁለተኛው ቁራጭ። ተ ቤት። ግዕዝ። ሦስተኛው ቁራጭ። የ ቤት። ሳድስ።

«ተይ።»

ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ለእኔ ደወለች። እኔን ግን ሌላ ነገር ነው የያዘኝ። «ተው» አላለም። «ተይ» ነው ያለው። ሴት እንደምታዘዝ አድርጎ። ይህን ያስተማረው የለም፤ ማሽኑ ላይ ያለው እንግሊዝኛ ይህን ልዩነት አያውቀውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጆሮው ውስጥ እየገባ፣ ቦታ ቦታውን እየያዘ፣ ታዝቦ ተቀምጧል። ቅጹ ላይ የጻፈችው ልክ ነበር።

ሜሎዲ በዚያ ውድድር ከቡድኑ ጋር ታልፋለች። ብሔራዊው ውድድር ያለው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ልብስ ገዝታ፣ ሻንጣ አዘጋጅታ ከቤተሰቧ ጋር ኤርፖርት ትደርሳለች። በአየሩ ምክንያት በረራው ተሰርዟል። ቡድኑ ደግሞ በጠዋቱ በረራ ቀድሞ ሄዷል። ማንም አልደወለላትም። ዘበኛ ከልክሏት ቢሆን፣ ሕግ አግዷት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ልጆቹ በቃ አልደወሉም። አንዱ አንዱን አይቶ፣ ትንሽም እፎይ ብሎ። እኔ ከዲሲ የሃያ ደቂቃ መንገድ ላይ ነው የምኖረው። ያንን ምዕራፍ ካነበብኩ ወዲህ የኤርፖርቱን መንገድ ስነዳ ያቺ ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ያልደረሰችበት ከተማ የእኔ ከተማ ነው።

ቅሬታም አለኝ። ድሬፐር መጨረሻ ላይ የመኪና አደጋ ጨምራለች፤ አላስፈለጋትም። የኤርፖርቱ ይበቃ ነበር። ትልቁ ቅሬታዬ ግን ሌላ ነው። ሜሎዲ ብሩህ ናት። ብሩህ ብቻም ሳትሆን ምንም የማትረሳ፣ ከክፍሉ ሁሉ አንደኛ። አንባቢው ይቆረቆርላታል፤ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይባክን? ይላል። እሺ፣ ብሩህ ባትሆንስ? ጉለሌ ያቺ ልጅ ተራ ልጅ ብትሆን፣ ሂሳብ የማይገባት፣ ቀልድ ብቻ የምትወድ፣ ከኋላ ክፍል መዋሏ ልክ ይሆን ነበር? አቡሽ ራሱ በውጤቱ መሐል ላይ ያለ ተማሪ ነው። ሂሳብ ይጠላል። እናቱን ለማናደድ ሲፈልግ ዓይኑን ጨፍኖ የተኛ ይመስላል። መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ካነበበችለት በኋላ ምን ይመስልሃል አለችው። በማሽኑ በአጭሩ መለሰ፤ «በጣም ጎበዝ ናት።» ሙገሳ ይሁን ቅሬታ እስካሁን እንከራከራለን።

ፊልሙንም በ2024 እንደወጣ እነሱ ቤት ቁጭ ብለን አይተነዋል። ሜሎዲን የሆነችው ፊቢ ሬ ቴይለር ራሷ ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የውስጥ ድምጿ ሲሰማ ግን የጄኒፈር አኒስተን ነው። አቡሽ ፊልሙን አቁሙት አለ። ለምን ስንለው፣ በገበታው ቀስ ብሎ፣ «ድምፅ የማን?» አለ።

የጠየቀው ለራሱ ነበር። ታብሌቱ ላይ አማርኛ ማስገባት የተቻለው ድምፅ በመቅዳት ነው፤ አንድ ቁልፍ አንድ ቃል። መጀመሪያ እናቱ በራሷ ድምፅ ቀዳችለት። «እማዬ» የሚለውን ሲነካ የገዛ ድምጿ እሷን እማዬ አላት። ሰቀጠጣት፤ ወዲያው አጠፋችው። ከዚያ የአክስቱ ልጅ መጣ። ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነው፤ እንደ ወፍ የቀጠነ ድምፅ። ሃምሳ ቃል ያህል ቀዳለት። አያቱ በስልክ «እማማ፣ እንዴት ነሽ?» የሚለውን ስትሰማ ስልኩን ጥላ እልል አለች።

ዛሬ አቡሽ አሥራ አራት ዓመቱ ነው። ፂም ቢጤ ጀምሮታል። የአክስቱ ልጅም ድምፁ ጎርንኖ ቅርጫት ኳስ ይጫወታል። ቁልፎቹ ላይ ያለው ልጅ ግን ስምንት ዓመቱ ላይ ቆሟል። ባለፈው ወር እናቱ ደወለችልኝ። «ድምፁን መቀየር ይፈልጋል» አለች። «ሦስት ሰው ጠቆምኩለት። የሰንበት ትምህርት ቤቱን ዲያቆን፣ የአክስቱን ልጅ፣ አንተን። የመረጠው አንተን ነው።»

«እኔ? የሃምሳ ዓመት ሰው ድምፅ ምን ያደርግለታል?»

«እኔን ምን ትለኛለህ? እሱን ጠይቀው።»

ሄድኩ። ቃላቱን ራሱ ነው የመረጠው፤ ዝርዝሩን ለመጻፍ ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል። «ራበኝ» የለበትም፤ እሱ በድሮው፣ በስምንት ዓመቱ ልጅ ድምፅ ይቆይ ብሏል። ያሉት እነዚህ ናቸው። «አትጩህ፣ እሰማለሁ።» «በሩን ዝጉት።» «ሙዚቃውን ከፍ አርጊው።» «እኔን ጠይቁኝ።» «ቡናው ሸተተኝ።» «ኧረ ባክህ!» ይህን የመጨረሻውን አራት ጊዜ አስቀዳኝ፤ ቅላጼው አልጣመውም።

ዝርዝሩ ታች ላይ ደግሞ የሰኞ ጠዋት ወሬያችን አለ። እሱ አርሴናል ነው፣ እኔ ማንቼ ነኝ። ይህ ባሷ ውስጥ ሰባት ዓመት የቆየ ጦርነት ነው፤ እኔ አወራለሁ፣ እሱ በዓይኑ ይስቃል። ያስቀዳኝን ማየት ነበረባችሁ። እናቱ ቡና እየቆላች ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ወጣች።

ሰኞ ጠዋት በራቸው ላይ ደረስን። ሊፍቱ ገና መሬት ሳይነካ፣ ከታች፣ የገዛ ድምፄ ሰፈሩን አቋርጦ መጣ።

«አይ ማንቼ! ምነው ወንድሜ፣ ደህና አይደለህም?»